በምሳ ሰዓት ስልክ ስለማይደወልበት የልብ ሕሙማን ክፍል

ለተከበሩ ፕሮፌሰር አውግስቶ ባላንሳ
የልብና የደረት ቀዶ ሕክምና ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሐኪሞች ሥልጠና ኃላፊ
ኮቻባምባ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የምግብ ፍላጎትዎም የተሟላ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ፤ በክፍልዎ ከዚህ የሚቀድም ጉዳይ እንደሌለ እናቴን ሳስታምም ተረድቻለሁና። ከፖቶሲ ተራሮች የመጣሁ፣ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝና ስሕተቴን በትዕግሥት ያርሙልኝ።

፩. እናቴ ዶኛ ሳቱርኒና የልብ ቫልቭ በተቀየረላት ማግስት፣ እሑድ ቀትር ላይ፣ ከደረቷ ደም የሚያወጣው ቱቦ ድንገት ማፍሰሱን አቆመ። ተረኛዋ የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኝ ዶክተር ኖርካ፣ የረጋ ደም ቱቦውን እንደደፈነውና ውስጥ የቀረው ደም ልቧን እያፈነው መሆኑን ወዲያው ዐወቀች። ስለ ትምህርቱ ጥራት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ስልኩን ግን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። አንጋፋዎቹ ሠልጣኞች ከእርስዎ ጋር የእሑድ የአሳማ ጥብስ ላይ ነበሩ፤ እነርሱን ከማዕድ የሚያስነሣ ጀማሪ ደግሞ የቅጣት አዳር ተረኝነት ይጨመርበታል። እንድትደውል ብለምናት፣ «ወንድሜ፣ ባለፈው ደውዬ አይደል እንዴ ይኸው ሳልተኛ የከረምኩት? ትንሽ እንይ፣ ምናልባት ይከፈት ይሆናል» አለችኝ።

፪. አልተከፈተም። የደወለችው የእናቴ ከንፈር ከጠቆረ በኋላ ነው። ደረቷ እንደገና ተከፍቶ ደሙ ተጠረገ፤ እርሷ ግን እስከ ዛሬ ዓይኗን አልገለጠችም። ጥብሱ ሳይባክን መበላቱን ሰምቼ ተጽናንቻለሁ።

፫. ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስለዚህ ደንብ ብጠይቅዎ፣ «እኛም የሠለጠንነው እንዲሁ ነው» ብለው በአጭሩ አስረዱኝ። ሲሠለጥኑ በእጅዎ ላይ ያለፉትን ሕሙማን ነፍስ ይማር። ፍትሕዎም አልዘገየም፤ ዶክተር ኖርካ ዘግይታ በመደወሏ ሌላ የቅጣት አዳር ተፈርዶባታል፣ ያውም እዚያው እናቴ አልጋ አጠገብ። ቆማ የምታንቀላፋ ሐኪም እናቴን ትጠብቃለች፤ እናቴም የተማሪ መቅጫ ሆናለች። ይህንንም ሥልጠና ይሉታል።

ልመናዬ አጭር ነው። ልጅቷን ያስተኟት፤ የነቃ ሐኪም ይተኩላት፤ ሠልጣኝ ሲደውል ስልክ ይነሣ እንጂ ቅጣት አይጨመርበት።

ዕድሜና ጤና፣ ማዕድዎንም የማይረብሽ በሽተኛ እየተመኘሁ፣ በመተላለፊያዎ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

አንሴልሞ ዩክራ

ማስታወሻ፦ የእጅ ስልክ ቁጥርዎን አግኝቻለሁ። ቱቦው ዳግመኛ ከቆመ፣ ምሳ ላይም ቢሆኑ የምደውለው እኔ ነኝ። የቅጣት አዳር ሊጨምሩብኝ ቢያስቡ ግን ይቸገራሉ፤ ቀድሞውንም የማድረው እርስዎ ዘንድ ነው።