ቆመው ስለሚተነፍሱት መኪኖች፣ ለክቡርነትዎ

ከውጭ ለሚገቡ ተሽከርካሪዎች ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት
ለተከበሩ ዋና ኃላፊ

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ነው? ደም ግፊትዎስ፣ ወገብዎስ፣ የመኪናዎ ጎማስ? ሁሉም ሰላም ከሆነ እሰየው። እኛም ከአጥርዎ ማዶ እንደ መኪኖችዎ አለን፤ ቆመናል።

ምናልባት ካላወቁኝ፣ እኔ ከመኪና ማቆያ ግቢዎ ፊት ለፊት ባለው ጎሚስታ የምሠራው ልጅ ነኝ። ዘበኛዎ ምላጭ ብሎ ነው የሚጠራኝ። ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትቻለሁ፤ ርዕሰ መምህሩ «ወይ አፍሽን ወይ በሩን ዝጊ» ሲሉኝ በሩን መረጥኩ፣ ከውጭ በኩል። አለቃዬ ጋሼ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ሲሰማ ደነገጠና፣ «አንቺ ልጅ ግልፍተኛ ነሽ፤ ስድብ በመጣብሽ ቁጥር ዋጥ አድርጊና በምትኩ ‹ክቡርነትዎ› ብለሽ ጻፊ» ብሎ መከረኝ። ምክሩን ተቀብያለሁ። ስለዚህ ቃሉ በዛብኝ ካሉ፣ ክቡርነትዎ፣ ምክንያቱን ከወዲሁ ያውቁታል ማለት ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ዕለት ጉርሴ አመሰግናለሁ። ባሕር አቋርጠው በመርከብ የመጡት ቫኖችና ፎር ዊሎች ግቢዎ ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል። የሀገር ሰው ገዝቶ እንዳያስቸግራቸው በሽቦ ታጥረዋል፣ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ዝናብ ይጠጣሉ። ጎማ ደግሞ ሲሄድ ብቻ ሳይሆን ዝም ብሎ ሲቆምም ይተነፍሳል። ታዲያ ቸርኬያቸው መሬት ሊነካ ሲል ዘበኛዎ ያፏጭልኛል፤ እኔም አየር መሙያዬን እየጎተትኩ ገብቼ አንድ በአንድ እነፋቸዋለሁ። የመጨረሻውን ነፍቼ ዞር ስል የመጀመሪያው ተንፍሶ ይጠብቀኛል። በሌላው ዓለም ጎማን የሚጨርሰው መንገድ ነው፤ በእርስዎ ዘመን ግን ዕረፍት ጨረሰው። እርስዎ ባይከለክሉ እነዚህ መኪኖች ይሸጡ፣ ይሄዱ፣ ሰው ይጭኑ ነበር። ያኔ እኔ ምን ልበላ ነው?

ስወጣ ዘበኛዎ ሁሌም «ያየሽውን ትንፍሽ እንዳትዪ!» ይለኛል። እሺ፣ ግን ግቢው በሙሉ ሲተነፍስ እኔ ብቻዬን እንዴት ልቻል? ይኸው ዛሬ እኔም ተነፈስኩ። ከነገ ጀምሮ እንደማያፏጭልኝ አውቃለሁ። ግድ የለም።

በነገራችን ላይ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ግድግዳው ጥግ፣ አንዲት ግራጫ ቫን አለች። ከዝናብ መጥረጊያዋ ሥር ወፍ ጎጆ ሠርታ ጫጩት ፈልፍላለች። ማመልከቻ አላስገባችም፣ ኮታ አልጠበቀችም፣ ማንም ምንም አላላትም። ከውጭ የመጣች ወፍ መሆን አለባት።

ሁለተኛ፣ አክስቴን ስላስተናገዱልን። አክስቴ ዳገቱ ላይ ካለው ሰፈራችን ተማሪ የምታመላልስ ሹፌር ናት። ቫኗ በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች አንቱ ልላት ምንም አይቀረኝም። በሯ በገመድ ይታሰራል። ክላክሷ ሲነኳት ዝም ትላለች፣ ሳይነኳት ትጮኻለች፤ ቤት ውስጥ በእኔ ወጣች ይላሉ። አክስቴ ይህችን አሮጊት ጡረታ ላውጣት ብላ፣ የተባለችውን ሁሉ አሟልታ፣ ገንዘቡም ሳይጎድል፣ እኔን አስከትላ መስኮትዎ ላይ ቆመች። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ጥፍሩን እያየ ለሀገር ውስጥ ገዢ የተመደበው አልቋል አላት። አክስቴ መቼም ጨዋ ናት፤ የኔ ልጅ፣ እነዚያ ከአጥሩ ጀርባ ያሉትስ አለችው። እነሱ ለሀገር ውስጥ አይደሉም አላት። ታዲያ ሀገር ውስጥ ምን ይሠራሉ ብትለው፣ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ፣ ትንሽ አሰበ፣ አሰበ፣ አሰበና «ቆመዋል» አላት። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ብቅ በዪ ብሎም መስኮቱን ዘጋ።

ያኔ በመስኮቱ ቀዳዳ ምን እንዳልኩት እንዳልጽፍ ጋሼ አስጠንቅቆኛል። በአጭሩ ክቡርነትዎ ነው ያልኩት። በአባቱም በእናቱም በኩል ክቡርነትዎ ብዬዋለሁ።

እስቲ ግን በሞቴ ይንገሩኝ፣ የሀገር ውስጥ መሆን መቼ ነው ጥፋት የሆነው? ግብር ስንከፍል ማንም ከውስጥ ናችሁ ከውጭ ብሎ ጠይቆን አያውቅም። መኪና ልንገዛ ስንመጣ ብቻ ነው ውስጥነታችን የሚታየው።

ሦስተኛ፣ ስለ መስክ ሥራ። ፎር ዊሎቹ ለመስክ ሥራ ለሚወጡ ኃላፊዎች ብቻ እንደሚሰጡ ማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ አንብቤያለሁ። (ማንበብ እንኳ እችላለሁ።) የእርስዎም ነጩ መኪና በዚሁ መንገድ እንደተሰጠዎት ሰማሁና ደስ አለኝ። ባለፈው ጎማ ሊነፋለት እኛ ጋ ሲመጣ ውስጡን አየሁት። አራቱንም ጎማ የምታስጎትተው ማርሽ፣ ፋብሪካው ያለበሳት ላስቲክ ገና አልተላጠላትም። ለካ መስኩ ከቤትዎ እስከ ቢሮዎ ያለው አስፋልት ነው! ልቤ ነው የተነካው። ያ በርዎ ላይ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታስ? በየቀኑ እንዴት ይሻገሩታል፣ ክቡርነትዎ?

የእኛም ቫን እኮ በአቅሟ ፎር ዊል ናት። ዳገቱ ሥር ስትደርስ ልጆቹ ወርደው ይገፏታል። ናፍጣ አይጠጡም፣ ኮታ አይፈልጉም።

አራተኛውን ስጽፍ ወረቀቱ ከእጄ ላይ ተቀደደ። ጋሼ ውኃ አጠጥቶኝ ሌላ ወረቀት ሰጥቶኛል፤ ስለዚህ ይህኛው ምስጋና የለበትም።

ባለፈው ሳምንት ዝናብ ጥሎ ዳገቱ ሳሙና ሆኖ ነበር። ልጆቹ እየገፉ ሳለ ፍሬኑ እምቢ አለና ቫኗ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከገፊዎቹ አንዷ ታናሽ እህቴ ናት። ሌሎቹ ግራና ቀኝ ሲበተኑ እሷ ድንጋይ አንስታ ጎማው ሥር ከተተች፤ እኔ ጋ ስትውል ያየችውን ነው ያደረገችው። ቫኗ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ከሥራ ስመለስ ደርሼ ስለነበር፣ በድንጋዩና በእህቴ እግር መካከል የቀረውን ክፍተት አይቼዋለሁ፤ ይህን ደብዳቤ አጥፈው ቢከቱበት አይገባም። አክስቴ ከመሪው ወርዳ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ቤት ስትገባ ቁልፉን ሚስማር ላይ ሰቀለችና «የሰው ልጅ አልጨርስም» አለች።

ትልልቆቹ ልጆች አሁን በእግራቸው ይወርዳሉ። ትንንሾቹ ቤት ቀርተዋል። እህቴ ትናንት ደብተሯን ትታ ጎሚስታው መጣችና፣ እታለም፣ እኔም እንዳንቺ ልሁን፣ ድንጋይ ማስገባት ችዬ የለ አለችኝ፤ እየሳቀች።

ክቡርነትዎ። ክቡርነትዎ! ክቡርነትዎ ክቡርነትዎ ክቡርነትዎ!

ይቅርታ። እኔ ትምህርቴን የተውኩት በአፌ ነው፤ ፈልጌ ነው። እሷ ግን ፊደል ስትጽፍ ምላሷን አውጥታ፣ ወንበር ላይ ተንበርክካ ነው። እሷን የሚያስቀራት አፏ ሳይሆን የእርስዎ አጥር ነው። በአንድ ቤት እንደኔ ያለች አንድ ትበቃለች፤ ካላመኑ ጎረቤቶቻችንን ይጠይቁ።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ያችን ግራጫ ቫን ለአክስቴ ይሽጡላት። በነፃ አላልኩም፤ ይሽጡላት ነው ያልኩት። ጎማዎቿን ስነፋ ስለኖርኩ እንተዋወቃለን። ወፏ ጫጩቶቿን እስክታበር እንጠብቃለን፤ ከእርስዎ መስኮት ይልቅ እሷ ቶሎ እንደምትጨርስ አልጠራጠርም።

በቅባት የጠቆሩ እጆቼን ደረቴ ላይ አመሳቅዬ፣ አንገቴን ዝቅ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ አስፋልትና ጉብታ የሌለው መስክ እመኝልዎታለሁ።

የክቡርነትዎ ጎማ ነፊ፣
እስከ ዘጠነኛ ክፍል የተማረች፣ ሙሉ በሙሉ የሀገር ውስጥ፣
ምላጭ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ሳልጨርስ ሹፌርዎ ነጩን መኪና እየነዳ ደረሰ። የኋላ ጎማውን ሚስማር ወግቶታል። (እኔ አይደለሁም፤ እኔ የምዋጋው ፊት ለፊት ነው።) ጎማውን ፈትቼ መኪናውን ክሪክ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ክቡርነትዎ ለአስቸኳይ የመስክ ሥራ ይፈልጉታል ብሎ አቻኮለኝ። እጅግ አዝናለሁ፤ ለኃላፊዎች የተመደበው የጎማ መለጠፊያ አልቋል። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትስ ብሎ ጠየቀኝ። ቆመዋል አልኩት። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ብቅ ይበሉ። እስከዚያ መኪናዎን እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ፤ የቀሩት ሦስት ጎማዎች ቢተነፍሱም እነፋቸዋለሁ። እርስዎ ብቻ፣ ክቡርነትዎ፣ ትንፍሽ እንዳይሉ።