ያልሰገድኩበት ለቅሶ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ ሰላምሽ ይብዛልኝ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትይዣለሽ? እዚያ የመን፣ ከተማችን ኢብ ዘነበ ወይ? ትንሿን እህቴን ኢብቲሃልንስ ሳሉ ለቀቃት? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

በቀደም በስልክ «ሰዎቹ ለመዱህ?» ስትዪኝ ወሬ የቀየርኩት ልዋሽሽ ስላልፈለግኩ ነው። እዚህ ኮሪያ ዓሣ ማርቢያው ሥራ ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ፤ መንደሩ ግን ሊያየኝም አልወደደም ነበር። ቤት ያከራዩኝ እማማ ኮ ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ዛሬም ባሕር ውስጥ እየጠለቁ ዛጎል ይለቅማሉ። ያንግ የሚባለው የወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር (ወጣቱ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው!) እኔን ለማስወጣት ፊርማ ይዞ ሲመጣ፣ «ቤቱ የኔ፣ ተከራዩም የኔ፤ አንተ ምን ጥልቅ አደረገህ?» ብለው መለሱት።

ባለፈው ሳምንት ባላቸው ሞቱ። እዚህ ለቅሶ ደራሽ ጫማውን አውልቆ በሟቹ ፎቶግራፍ ፊት ሁለት ጊዜ በግንባሩ ይደፋል። እኔ ጭንቅ ያዘኝ። ከአላህ በቀር ለማን እሰግዳለሁ? ደግሞስ ያስጠለሉኝን ሴት በሐዘናቸው ቀን እንዴት እቀራለሁ? ግን የዚያ መስገድ ትርጉሙ ምን ይሆን ብዬ ማሰቤን መተው አቃተኝ። በመጨረሻ ራሳቸውን በተሰባበረ ቋንቋዬ ጠየቅኳቸው፦ «እማማ፣ ፎቶውን እያመለካችሁት ነው?»

እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ፤ «ይሄን ሽማግሌ? ሃምሳ ዓመት ካልሲውን ስለቅም ኖሬ አመልከዋለሁ እንዴ! ደህና ሁን ማለታችን ነው። እናንተ አገር እንዴት ነው የምትሉት?» መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋቸው። «በቃ፣ እንደሱ በል» አሉኝ።

ፎቶው ፊት ቆሜ እጄን ዘርግቼ ለእማማ ጽናት ለመንኩ። ያንግ ከኋላዬ «አይሰግድም እንዴ? ይሄማ ንቀት ነው!» ሲል ሰማሁት። ፊቴ ጋለ፤ ግን አልዞርኩም።

በማግስቱ ሬሳውን ልንቀብር ወደ ኮረብታው ማሳ አወጣነው። የመንደሩ ልጆች ሁሉ ከተማ ናቸው፤ ሳጥኑን የያዙት ጸጉራቸው የነጣ ሰዎች ነበሩ። መንገድ ላይ አንዱን ሽማግሌ ወገባቸው ከዳቸውና ሳጥኑ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። የኛን ሰፈር ታውቂያለሽ፤ አባዬን ስንሸኝ ለመሸከም የተሻማው ሰው ብዛት! ማንንም ሳልጠይቅ ሮጬ ትከሻዬን ሰጠሁ። ከፊቴ የነበረው ያንግ ነው። ዞር ብሎ አየኝ፤ እስከ ላይ ድረስ እኩል እየተራመድን ወጣን።

ከቀብር በኋላ የአሳማ ሾርባ ቀረበ። እንዴት እንቢ እንደምል ሳስብ ያንግ መጥቶ ሳህኑን ከፊቴ አነሳና ዓሣ አስቀመጠልኝ። አጠገቤም ተቀመጠና «ዕድሜህ ስንት ነው?» አለኝ። ቀላል ጥያቄ እንዳይመስልሽ። እዚህ ሰው ታላቅህ ይሁን ታናሽህ ካላወቀ ምን ብሎ እንደሚጠራህ አያውቅም፤ ሊጠራህ የማይፈልግ ደግሞ አይጠይቅህም። በስምንት ወር ያንግ ጠይቆኝ አያውቅም።

«ሃያ ዘጠኝ» አልኩት።

«እንግዲያስ ታናሼ ነህ፤ ብላ!» አለኝ።

ኢብቲሃልን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለአጎቴ ሙጃሂድ ሰላም በዪልኝ፤ አለመስገዴንም መሸከሜንም ንገሪያቸውና ምን እንደሚሉ ጻፊልኝ። አያቴን እጃቸውን ስመሽ ዱዓቸውን ተቀበዪልኝ።

ልጅሽ ነሽዋን
ጄጁ ደሴት፣ ኮሪያ
መጋቢት 9 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.