ፀሐይ የማይወድ ድንጋይ

ሰኞ

ድንጋዮቹን አገኘኋቸው። ሁለቱንም። የደበቅኋቸው እኔው ነኝ፤ የት እንዳደረግኋቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከጭንቅላቴ ወጥቶ ነበር። ዛሬ የትርንጎን ቀሚስ ልጠቅም ብዬ የመርፌ ጣሳውን ስከፍት፣ ከመርፌው፣ ከልብስ ቁልፉና ከአሮጌው ሳንቲም ጋር ተጋድመው አየኋቸው። የአንደኛው ልባስ ጥግ ጥጉን ተልጧል። መርፌ ቧጥጦት ይሆናል።

የልጄ የማሩ ናቸው። የዚያች የማጨሻዋ የባትሪ ድንጋዮች። ቬፕ ነው የሚሏት። ሲጋራ አይደለችም፤ ፈሳሽ አሙቃ እንፋሎት የምታወጣ ናት። ጥቁር፣ እጅ የምትሞላ፣ ከፊቷ ትንሽ መስኮት ያላት፣ ከላይ ፈሳሽ የሚቀመጥባት ብርጭቆ ያላት።

አልወዳትም ነበር። ይህን መጻፍ አለብኝ። ማሩ ወደ እርሻ በወጣበት ጠዋት ድንጋዮቿን አውጥቼ ደበቅሁበት። ትራክተሩ ደጅ ይጮኻል። «እማ፣ ድንጋዮቼን መልሽልኝ» አለኝ። «ወይ ጭሱን ወይ እኔን ምረጥ» አልሁት። ሣቀ። «እሺ፣ ስመለስ እንታረቃለን» ብሎ ወጣ። በሽንፋ መንገድ ትራክተሩ ተገለበጠበት። ይኸው ሦስት ወር ሊሆን ነው።

ልብሱን ጎረቤት አጥቦ ለነዳያን ሰጠልኝ። ወጉ ነው፣ አልከለከልሁም። ግን ያልታጠበ አንድ ሸሚዝ እንኳ አልቀረልኝም። ሽታው የቀረው በዚች ብርጭቆ ውስጥ ነው። የማንጎ ሽታ። እሱ ከበር ሳይደርስ ቀድሞት የሚገባ። ፈሳሹ አሁን የትንሽ ጣት ጥፍር አይሞላም፤ በሙቀቱ በታች በኩል እየወዛ በየቀኑ ይጎድላል።

ሳያልቅ አንዴ እንድትነድ እፈልጋለሁ። አንዴ ብቻ። ድንጋይህን መልሻለሁ ልለው።

ከተትኋቸው። ምንም። አገላብጬ ከተትሁ። ምንም።

ማክሰኞ

የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ይፈልጋል። አባቴ የሬዲዮውን ድንጋይ እንዲህ ነበር የሚያደርግ፤ በጥርሱ ነከስ ነከስ ያደርገውና ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ማታ ሬዲዮው ይናገራል። እኔ መንከሱን ተውሁት፣ ጥርሴ አይችልም። ቆርቆሮ አንጥፌ ደጅ አሰጣኋቸው።

ትርንጎ ከትምህርት ቤት መጥታ አየችኝ። ታናሽ እህቱ ናት፣ ዘንድሮ ማትሪክ ትፈተናለች።

«እማ፣ በርበሬ ነው እንዴ?»

«የወንድምሽ ድንጋይ ነው።»

ሣቋን ዋጥ አደረገችው።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም አነሣኋቸው። ጣት ያቃጥላሉ። በቀሚሴ ጫፍ ይዤ ከተትኋቸው። መስኮቷ በራች! እልል ልል ነበር። በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጻፈችና ጠፋች። ትርንጎ ሮጣ ስትደርስ ጨልሟል። ግን በርታለች። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ፀሐይ አነሰው ማለት ነው። ነገ ከጠዋት ጀምሬ አሰጣለሁ።

ረቡዕ



ቀኑን ሙሉ አሰጥቻቸው ነበር። እኔ ደጅ ተቀምጬ ማሽላ አበጥራለሁ፣ ዶሮዎቹ በአጠገቤ ይለቅማሉ። ስስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እባብ መሰለኝ። ልባሱ የተላጠው ድንጋይ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ፣ ከዚያ ነጭ ጭስ። እኔ ሞኟ ላነሣው እጄን ዘረጋሁ። ትርንጎ ከቤት ወጥታ «እማ ተይው! ተይው!» እያለች በክንዴ ጎትታ ጣለችኝ። ቆርቆሮውን በእንጨት ገፍታ አሸዋ ደፋችበት። አሸዋው ውስጥ ሲፈላ ቆየ።

ከዚያ እሷ አለቀሰች፣ እኔ አላለቀስሁም። «አንድ ወንድም መቅበሬ አነሰኝ?» አለችኝ።

አንድ ዶሮ ላባዋ ተለብልቧል። ሌላ ጉዳት የለም። አንድ ድንጋይ ቀረኝ።

ሐሙስ

ትርንጎ ናት ይዛኝ የሄደች፤ ብቻሽን አላምንሽም አለች። ወደ ሱዳን ድንበሩ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ኢድሪስ የሚባል ሞባይል ጠጋኝ አለ። ማጨሻዋን ለማሩ የሸጠለት እሱ ነው። ከሱዳኖች ጋር ሲነግድ ኖሮ አነጋገሩ ከዚያም ከዚህም ነው፤ ትልቅ ሴት ሁሉ ለሱ «ሐጃ» ናት።

«ያ ሐጃ፣ ይግቡ ይግቡ» አለኝ።

«እኔ መካ የሄድሁ እንደሁ ቄሱ ይጠይቁኛል» አልሁት።

ሣቀ። ከዚያ ማጨሻዋን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጣት ሣቁን ተወው። አወቃት። «የማሩ» አለ። ተነሥቶ አዲስ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። ጣሳውን፣ መርፌውን፣ ፀሐዩን። ፀሐዩ ላይ ስደርስ ራሱን ያዘ።

«ሐጃ፣ ስሙ ነው ያሳሳተዎ። ድንጋይ ብለን ጠርተነው። ይህ የሬዲዮው ዘመድ አይደለም። በውስጡ እሳት ያለው ነው። ጥላ ይወዳል፣ ፀሐይ ይጠላል። ከመርፌና ከሳንቲም ጋር አብሮ ካደረ ደግሞ ብረቱ ጫፍና ጫፉን ያገናኘውና በራሱ ይጋያል። ልባሱ ከተላጠ ኸላስ፣ አለቀ፣ መጣል ነው።»

«ማክሰኞ በርታ የለም እንዴ?»

«ትንሽ ጉልበት ቀርቷት ነበር፤ ፀሐይ አልሰጣትም። የጻፈችው በጣም ሞቄአለሁ ብላ መሆን አለበት። እየለመነችዎ ነበር።»

የቀረውን አንዱን ሰጠሁትና ከአዲስ ጋር አጣምርልኝ አልሁት። አይሆንም አለ። ሁለቱ በአንድ ቀን ተገዝተው፣ አብረው ሞልተው፣ አብረው የሚያልቁ ናቸው። «የተጋቡ ናቸው። አንዱ ሲሞት ሌላውን ከጎረምሳ አያጋቡትም፤ ጎረምሳው ይጎትተዋል፣ እሱ ይነድዳል።»

«እንደኔ እንደ ባልቴቷ በሉኝ» አልሁ። ትርንጎ አፈረች። ኢድሪስም አፈረ። እኔ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ሣቄ መጣ።

ጥሩ ጥንድ በእጁ የለም። ቅዳሜ ዕቃ ይገባልኛል አለ። የቀረውን በወረቀት ጠቅልሎ ጥላ ላይ ያኑሩት ብሎ መለሰልኝ።

ዓርብ

አልጠበቅሁም። ፈሳሹ ለቅዳሜ የሚደርስ አልመሰለኝም፤ ብርጭቆዋን ወደ ብርሃን ሳነሣት መስመር ብቻ ነው የሚታይ።

ገበያ ወጥቼ የእጅ ባትሪ ከሚሸጥ ልጅ ሁለት ድንጋይ ገዛሁ። ቁመቱ ልክ ነው፣ ውፍረቱ ልክ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ከማሩ ድንጋይ ሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ትልቅ ቁጥር ትልቅ ጉልበት ነው ብዬ። ልባሱም ቀይ፣ የሚያምር።

መስኮቷ በራች። ቁልፏን ስጫናት ጻፈች፤ ትርንጎ አነበበችው። «ባትሪው ደካማ ነው።» እንደገና። «ባትሪው ደካማ ነው።» አራት ጊዜ። አምስተኛውን ትርንጎ ከእጄ ቀማችኝ።

ከማጨሻዋ ጋር ይዤአቸው ወደ ኢድሪስ ሄድሁ። ተደብቄ፣ እንደ ሌባ። አንዱን በአንድ እጄ፣ የማሩን የቀረውን በሌላው አስያዘኝ። «ይመዝኑ።» ቀዩ ጥጥ ነው። የማሩ ይከብዳል።

«ቁጥሩ ለገበያተኛ ነው የተጻፈ» አለ። «ለመብራት ብልጭ ማለት ይበቃዋል። ይቺ ግን በአንዴ ብዙ ትስባለች። የሚያስፈልጋት ብዙ የሚይዝ ሳይሆን በአንዴ መስጠት የሚችል ነው።»

ብዙ የሚይዝ ሳይሆን በአንዴ መስጠት የሚችል። ማሩ እንደዚያ ነበር። ደመወዙን ተቀብሎ ከቤት ሲገባ ኪሱ ባዶ ነው፣ እጁ ሙሉ ነው።

ብርጭቆዋን በላስቲክ ጠቅልሎ አስተካክሎ ሰጠኝ። ቀጥ ብላ ቆማ ካደረች አትወዛም አለ። ሳስተኛት ነበር ለካ የምታፈስስ። ይህን ሁሉ ቀን።

ቅዳሜ

ዕቃው ገባ። ኢድሪስ ሁለት ድንጋይ መርጦ አወጣ። ልባሳቸው አመድ የመሰለ፣ ቁጥራቸው ትንሽ፣ ከባድ። አገላብጦ አያቸው፣ በመለኪያው ለካቸው፣ ሁለቱ እኩል ናቸው አለ። በልባሳቸው ላይ በእስክሪብቶ አንድ አንድ መስመር አሰመረ። «ተጋቡ። እንዳይለያዩ ምልክታቸው ነው።»

ቻርጀር ላይ ሰካቸው። መብራት ጠፋ። መጣ። ጠፋ። ከቀትር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ ቆጠርሁ፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውሁ።

ሲሞሉ ከተታቸው። መስኮቷ በራች፣ አልጠፋችም። ተማም፣ ደህና ናት፣ አለ ኢድሪስ። ከዚያ መስኮቷን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ምን ሆነች?»

«ዐሥራ ስምንት ላይ ናት።»

አልገባኝም አልሁት፤ አስረዳኝ። ዋት የሚሉት ነው፣ እንደ ምድጃ እሳት ከፍና ዝቅ ይደረጋል። ከፍ ሲል ጭሱ ደመና ነው፣ ዝቅ ሲል ክር ነው። «እኔ ስሸጥለት ስልሳ ላይ ነው ያደረግሁለት። ማሩ ደመና ነበር የሚወድ። ይቺ ደግሞ ድንጋይ ቢወጣም የመጨረሻውን አትረሳም። ዝቅ ያደረገው ራሱ ነው።»

«ለምን?»

«ሁለት ነገር ነው ሐጃ። ጭሱ እንዲያንስ የፈለገ ሰው ዝቅ ያደርጋል። ድንጋዩ የደከመበትም ዝቅ ያደርጋል፤ የደከመ ድንጋይ ስልሳን አይችልማ።»

«የማሩ የትኛው ነው?»

ከቦርሳዬ የቀረውን ድንጋይ አወጣሁ። «ለካው። ጎበዝ ከሆነ ለእኔ ብሎ ነው። ደካማ ከሆነ ለድንጋዩ ብሎ ነው።»

ወስዶ አየው፣ አልለካውም። «ብለካው የጣሳውንና የፀሐዩን ጉዳት ነው የሚነግረኝ። ያን ጊዜ እንዴት እንደነበር አይነግረኝም። ወላሂ ዋሽቼ ላስደስትዎ እችል ነበር።»

መልሱን ያሰጣሁት እኔው ነኝ። በቆርቆሮ ላይ፣ ሁለት ቀን።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በሩን ከፍተን ተቀመጥን። ትርንጎን ጠየቅኋት። «ነግሮሽ ነበር? ልቀንስ ነው ብሎ?»

አሰበች። «አልነገረኝም እማ። ግን የመጨረሻ ሰሞን ጓሮ ነበር የሚያጨሰው። እማ ይሸታታል ወይ ብሎ ጠይቆኛል።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ከድልድዩ ማዶ ከገላባት ድረስ ይሸታል አልሁት።»

ሣቅን። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ እኔም ጭምር።

ከፈሳሹ የቀረው ጠብታ ነው። አፌን አላስጠጋሁም፤ ቁልፏን ብቻ ተጭኜ ያዝሁ። ጫር ጫር የሚል ድምፅ አሰማች። ከላይ ቀጭን ጭስ ወጣ። ክር የመሰለ።

«ከፍ ላድርገው?» አለች ትርንጎ። «ብዙ ይወጣል፣ ደህና ይሸታል።»

«ተይው። እሱ ባኖረው ይሁን።»

ማንጎ። ከበር በኩል የመጣ መሰለኝና ዞሬ አየሁ። በሩ ላይ ማንም የለም፣ ዶሮዋ ናት፣ ያቺ ላባዋ የተለበለበው። ትርንጎም ዞራ ነበር።

ሦስት ጊዜ ተጫንሁ። በሦስተኛው ተቃጠለች፣ ጨርቅ ጨርቅ ሸተተች። ለቀቅሁ። አለቀ።

ለእኔ ብሎ ይሁን ድንጋዩ ደክሞበት አላወቅሁም። ቀኑን ሙሉ አንዴ ወደዚያ አንዴ ወደዚህ እላለሁ። ጓሮ ድረስ መሄዱ ግን ከድንጋይ አይደለም። ድንጋይ ቢደክም ሰው ከበር አይወጣም።

ድንጋዮቹን አወጣሁና ኢድሪስ በሰጠኝ የላስቲክ ቤታቸው ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። መርፌ ጣሳው ውስጥ አይደለም። ከማሩ ፎቶ ሥር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በዚያ በኩል ትገባለች፤ መስኮቱን ዘጋሁት።