ነሐሴ 14 ቀን የደረሰው ከረጢት
የአቶ አብተው ፈይሳ የሕይወት ታሪክ

አቶ አብተው ፈይሳ ከአባታቸው ከአቶ ፈይሳ ገመቹና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋረገጥ ድንቁ ኅዳር 12 ቀን 1946 ዓ.ም. በሊሙ ገነት ከተማ ተወለዱ።

ይህን የምናገረው ታላቅ እህታቸው ወርቅዬ ፈይሳ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ወረቀት ላይ ያሰፈረችው ልጃቸው ሶረቲ ናት። እንዳታሳምሪው፣ እንዳልኩት ጻፊው ብያታለሁ። በጀርባዬ ያዘልኩትን ልጅ አንቱ ማለት ይከብደኛል፤ ወጉ ነው ስላሉኝ ግን እላለሁ።

አባታቸው አቶ ፈይሳ ፖስታ አመላላሽ ነበሩ። ክረምት ገብቶ መንገዱ መኪና አላሳልፍ ሲል፣ የደብዳቤውን ከረጢት በበቅሎ ጭነው ከጅማ በአጋሮ በኩል ሊሙ ገነት ያደርሱ ነበር። በነሐሴ 1957 ዓ.ም. ወንዝ ሞልቶ በቅሎዋን ወሰደ። አባታችን ከረጢቱን ራሳቸው ላይ ተሸክመው ተሻገሩ፤ ነሐሴ 14 ቀን ከሰዓት በኋላ የፖስታ ውክልና ለነበረው ባለሱቅ አስረከቡ። ባለሱቁም «ቦሩ ኮቱ ፈይሳ፤ ነገ ና፣ እፈርምልሃለሁ» አላቸው። ማንበብ የማያውቅ ሰው ቃል ያምናል። በነጋታው ሲሄዱ «የምን ከረጢት? እኔ ዘንድ የደረሰ ነገር የለም» ብሎ ካደ። ሸንጎ ፊትም ማለ። ከከረጢቱ ውስጥ ለራሱ የመጣ የመሬት ክርክር መጥሪያ ነበረ ይባላል፤ ያላየሁትን አልመሰክርም። ስሙንም አልጠራም። ልጆቹ ዛሬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እዚህ ቆመዋል።

አባታችን ዘጠኝ ወር ታሰሩ፤ ከሥራም ተባረሩ። አገሩ «ደብዳቤ በላው ፈይሳ» አላቸው። ፈተና የወደቀ ሁሉ ውጤቴን ፈይሳ ወንዝ ከተተው አለ፤ ልጇ የረሳት እናት ሁሉ ደብዳቤዬን ፈይሳ በላው አለች። እኔ ያኔ ታጭቼ ነበር። የእጮኛዬ ሽማግሎች «ከሌባ ቤት አንጋባም» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አላገባሁም። የጠየቀኝ ጠፍቶ አይደለም፤ የአባቷን ስም ጥላ ነው የመጣችው እንዲሉኝ ስላልፈለግሁ ነው።

እኔ ቡና ለቀማ ገባሁ፤ አቶ አብተው ትምህርት ቤት ገቡ። አንደኛ ደረጃን በሊሙ ገነት፣ ሁለተኛ ደረጃን በጅማ ተማሩ። አባታችን በ1963 ዓ.ም. «በእጁ ሰጥቼዋለሁ» እያሉ ሞቱ። የመጨረሻ ቃላቸው ይኸው ነው፤ ውኃ እንኳ አልጠየቁም።

አቶ አብተው በ1966 ዓ.ም. በጅማ ከተማ በፖስታ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። አባትህን ያዋረደ ሥራ ምን ያደርግልሃል ብዬ ሦስት ቀን አላነጋገርኳቸውም። በአራተኛው ቀን መጥተው «እታለም፣ የጠፋ ነገር የሚፈለገው የጠፋበት ቦታ ነው» አሉኝ። አርባ ዓመት ደብዳቤ ሲለዩ፣ ማህተም ሲመቱ ኖረው በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ አያንቱ ሶሬሳ ጋር ተጋብተው ሶረቲን ወለዱ። አያንቱ በ2010 ዓ.ም. ስታርፍ እኔ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ካለው ቤታቸው ገብቼ ቤቱን ያዝኩ።

ደመወዝ የማይከፈልበት ሌላ ሥራም ነበራቸው፤ የፖስታን ታሪክ ይመረምሩ ነበር። አጋሮ፣ ሰቃ፣ ገራ፣ ሊሙ ገነት ይዞራሉ። ሰው ከቡና ነጋዴ ቤት ቡና ይዞ ይወጣል፤ እሳቸው ባዶ የደብዳቤ ፖስታ ለምነው ይወጣሉ። አንድ ደብዳቤ ከጅማ ተነሥቶ ጅቡቲ ስንት ቀን እንደፈጀበት፣ በየትኛው መርከብ ባሕር እንደተሻገረ፣ በ1966ቱ አድማ ጊዜ የት ተጠራቅሞ እንደከረመ፣ ሁሉንም በደብተር ይጽፉ ነበር። ለማን ይጠቅማል ስላቸው ይስቃሉ። እኔ ግን የሚፈልጉትን አውቅ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የአጋሮው ቡና ነጋዴ ወዳጃቸው አቶ ሀምዳን፣ ሟች አባታቸው የተዉትን አንድ ጆንያ አሮጌ ደብዳቤ ሰጧቸው። የፈለጉት ከዚያ ውስጥ ተገኘ። የሀምዳን አባት ከረጢቱ የደረሰ ዕለት ለቡና ግዢ ሊሙ ገነት ነበሩና ከባለሱቁ ደብዳቤያቸውን በእጃቸው ወስደው ነበር፤ በማግስቱም ቡናቸውን መርከብ ላይ ሊያስጭኑ አሰብ ወርደው ስምንት ወር ቀሩ። የጠየቃቸው የለም። አቶ አብተው ያን ቀን እያለቀሱ ቤት ገቡ። እጃቸውን የፖስታው ክምር ላይ አድርገው «እታለም፣ የአባታችን ነገር እዚህ ውስጥ ነው» አሉኝ። ሶረቲ በስልክ ፎቶ ላንሳው ብትላቸው «ዋናው እያለ ጥላው ምን ያደርጋል» አሏት። ሐሳባቸው ከደብተራቸው የሚያዘጋጁትን መጽሐፍ ጨርሰው ለ2017 ዓ.ም. መስቀል የሊሙን ሽማግሎች ሰብስበው በአደባባይ ሊያነቡላቸው ነበር።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመና ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደው ሁለት ወር ቆዩ። ያ ክረምት ክፉ ነበር። ጣሪያው አፈሰሰ፤ ፖስታው ሻገተ፤ አይጥም ገባበት። የአባቴ ስም እዚያ ውስጥ ነው ተብያለሁና ዝም ብዬ ላየው አልቻልኩም። እንግዳ ሁሉ መጥቶ የሚያደንቀው ቴምብሩን ነበር፤ ክብሩ ያለው እሱ ላይ ነው ብዬ አሰብኩ። ሦስት መቶ አርባውን ፖስታ ለብ ባለ ውኃ ዘፈዘፍኩት። ቴምብሩን በጥፍሬ ሳልቀድ ላጥኩት፤ በነጭ ጨርቅ አደረቅሁት። ጎረቤቴ ዘይቡ አልበም አመጣችልኝ፤ የንጉሡን ከንጉሡ፣ የወፉን ከወፉ፣ የአበባውን ከአበባው ጋር ደረደርነው። የረጠበውን ወረቀት ፀሐይ ሲወጣ አሰጣሁትና ከሰል አቀጣጠልኩበት።

አቶ አብተው በመስከረም ተመለሱ። አልበሙን እንደ ሙሽራ ቀሚስ በነጠላ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ገልጠው አዩ። እስከ መጨረሻው ገጽ አዩ። «እጅሽ ይባረክ እታለም፤ ጥሩ አድርገሽ ደርድረሽዋል» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ እኔ መንገዱ አድክሟቸው ነው አልኩ። መስቀል መጣ፤ ሽማግሎቹን አልጠሩም። መጽሐፉንም አልነኩትም። እኔ ጅሏ ለመጣው እንግዳ ሁሉ አልበሙን እያወጣሁ ስኮራ ስድስት ወር ሙሉ ሰሙኝ።

ባለፈው ወር ሕመሙ ጠንቶ አልጋ ይዘው ሳለ አቶ ሀምዳን ሊጠይቋቸው መጡ። «እትዬ ወርቅዬ፣ እስቲ ያቺን የአባቴን ፖስታ አሳዪኝ» አሉኝ። አልበሙን አመጣሁ።

«ይሄማ ቴምብሩ ነው። ፖስታውስ?»

«ወረቀቱን ነው? ሻግቶ ነበር፤ አቃጠልኩት። ደግሞ ለወረቀት!»

ሀምዳን «ኢና ሊላሂ» ብለው ራሳቸውን ያዙ። አልጋው ላይ ያሉት ሰው «ሀምዳን፣ በአላህ ተው» አሉ፤ ሀምዳን ግን ከአፋቸው ወጥቶ ነበር። ነገሩ ቴምብሩ ላይ አልነበረም። ከፖስታው ጀርባ፣ ባለሱቁ በገዛ እጁ የመታው የመድረሻ ማህተም ነበረ፤ ሊሙ ገነት፣ ነሐሴ 14፣ 1957። አልደረሰኝም ብሎ የማለበት ከረጢት መድረሱን የሚናገር በዓለም ላይ ያ ብቻ ነበር።

ወንድሜን ለምን አልነገርከኝም አልኩት። «ነግሬሽ ምን ልታደርጊ? አንቺ ሳታገቢ የቀረሽው ይበቃል» አለኝ። ከዚህ ወዲያ አንቱ ማለት አልችልም፤ ሶረቲም እንዳታስተካክለው።

ወንድሜ አብተው ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመቱ፣ ሲነጋጋ፣ በቤቱ ዐረፈ። አንዲት ልጁን ሶረቲን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ የልብ ወዳጁን ሀምዳንንና እኔን ትቶ ሄደ። መጽሐፉ አላለቀም፤ የሚጨርሰውም የለም። የሚቆምበት ነገር አመድ ሆኗል።

የሊሙ ሰዎች፣ የባለሱቁም ልጆች፣ ስሙኝ። ከረጢቱ ደርሷል። ወንድሜ ማህተሙን አይቶታል፤ ሀምዳን አይቶታል፤ እኔ በእነዚህ ጥፍሮቼ ነክቼዋለሁ፤ ማንበብ ግን አላውቅም ነበር። ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ብሆን ያለ ወረቀት አላምንም፤ አባቴንም ያላመናችሁት በዚያው ነው።

ፈጣሪ የአብተውን ነፍስ ያሳርፍ፤ ከአባቱ ጎንም ያስቀምጠው። አባቴ ደጅ ቆሞ እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። «ምን ይዘህልኝ መጣህ ልጄ?» ይለዋል። ባዶ እጁን የላክሁት እኔ ነኝ።