ያልተፈታው ግዝት

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለክንዱ ዘሩ፤ ሁመራ።

ከተለየኸን ቀን ጀምሮ እንደምን አለህልኝ? ክረምቱን እንደምን ከረምህ? የቆላው ሙቀትና ወባው እንደምን አደረገህ? ጉልበትህስ፣ ወገብህስ፣ ያ ብርድ ሲነካው የሚያፍንህ ደረትህስ እንዴት ነው? ራትህን የምትበላው ከማን ጋር ነው? ዓርብ ረቡዕን ትጾማለህ ወይስ የበረሃ ሰው ጾም የለበትም ብለው አስተዉህ? እኔ እኅትህ ሀብትነሽ እግዚአብሔር ይመስገን በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። የቀረውን ደኅንነታችንን ግን እንደ ሌላው ጊዜ ደርድሬ ልጽፍልህ አልችልም።

ጽሕፈቴን ዶሮ የጫረው ይመስላል ብለህ አትሳቅብኝ። አባታችን መሪጌታ ዘሩ አንተን ዳዊት ለማስደገም ሲያባርሩህ፣ አንተም በሰበብ አስባቡ ስትጠፋባቸው፣ እኔ ምድጃ ዳር ሆኜ በጆሮዬና በዓይኔ የለቀምሁት ፊደል ነው። ቡሬ ገበያ ላይ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም፤ ይህን ግን በሰው ማስጻፍ አልችልም። ለምን እንደማልችል ስታነበው ይገባሃል።

ነገሩን አላንዛዛብህም። እናታችን እማሆይ እኅተ ማርያም ሊሞቱ ነው፤ የሚሞቱትም ሳይቆርቡ ነው። የሚያስቆርባቸው የአንተ ቃል ብቻ ነው፤ ያም ቃል በጊዜው ይደርሳል ብዬ አላምንም። እንዲያው ሳልነግርህ ብቀር ደግሞ እኔም አብሬ የምቀበር ስለ መሰለኝ ጻፍሁልህ።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ስምንት ቀን ያደረግኸውን እኔና እማሆይ እናውቃለን። እስከ ዛሬ እንደማውቅ አልነገርሁህም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ያለችው ወይራ ላይ ወጥተህ ቀፎውን ቆረጥህ። ቀፎው የአባታችን ነበር፤ ሲያርፉ ሰሙ ለጧፍ ይሁን ብለው ለሚካኤል ተናዝዘውለታል። አንተ ግን የአባቴን ማር ካህናቱ ይልሱታል እያልህ ዓመት ሙሉ ስታጉረመርም ነበር። ንቡን ያጨስህበትን ችቦ መሬት ጣልኸው። የቤተ ልሔሙ ክዳን ሣር ነው፤ ኅዳር ደግሞ ሁሉ ነገር ደርቋል። የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ቤት እስከ ማገሩ ነደደ። የቅዳሴው ስንዴ ነደደ፣ ዘቢቡ ነደደ፤ የቀረው ድንጋዩ ወፍጮ ብቻ ነው። አንተ የጋቢህ ጫፍ ተለብልቦ፣ ጣትህን ንብ ነድፎት አብጦ፣ ማሩን በቅል ይዘህ ገባህ። እማሆይ አንዲት ቃል አልጠየቁህም። ሲነጋ አልነበርህም። እሳቸው የጋቢህን ጫፍ ቆርጠው ምድጃ ውስጥ ሲከቱት አየኋቸው፤ እኔም እንዳላየሁ ሆኜ አለፍሁ።

ሆን ብለህ እንዳላቃጠልኸው እናውቃለን። እሳት ያመልጣል። ነገር ግን ያን ጊዜ እሪ ብትል ኖሮ፣ ሮጠህ ደወሉን ብትደውል ኖሮ፣ ሰው ሁሉ ውኃ ይዞ ይወጣ ነበር፤ ከተቆጡህም ተቆጥተው ይተዉህ ነበር። አንተ ቅልህን አቅፈህ ሮጥህ። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

በአራተኛው ቀን የኅዳር ሚካኤል ዋለ። ኅብስቱን በዳስ ውስጥ ጋግረውት ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አድማሴ መስቀላቸውን ይዘው በሕዝቡ ፊት ቆሙና፣ ያደረገው፣ ያየው፣ የሰማው፣ አውቆም የሸሸገው ወጥቶ እስኪናገር ድረስ ከሥጋው ከደሙ ገዝቻለሁ አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። እኔ አሜን አልሁ። እማሆይም ከመነኮሳይያቱ መካከል ቆመው አሜን አሉ፤ ድምፃቸውን ለይቼ ሰምቼዋለሁ። በገዛ አፋችን ነው የታሰርነው።

እኔስ ምን ጎደለብኝ? በሰማንያ ያገባሁ ሴት ነኝ፤ ድሮም ከቁርባን ርቄ ነው የኖርሁት። ለእማሆይ ግን ከዚያ ሌላ ምን አላቸው? ቆብ ከጫኑ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በእነዚህ ዓመታት የቆረቡበትን ቀን በጣታቸው እየቆጠሩ ሌላውን ቀን ለዚያ ሲሉ ብቻ የሚያሳልፉት ይመስሉ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ሹልክ ብለው ከደጀ ሰላሙ ውጪ ይቆማሉ። ሰው ደግሞ ዓይን አለው። እማሆይ ምን ቢሠሩ ነው የሚርቁት ተባለ። አንዷ ጾም ገድፈው ነው አለች፤ ሌላዋ ከምራታቸው ጋር ተቀያይመው ነው አለች፤ ምራት የሌላቸው መሆኑን እንኳ አላስታወሰችም።

ለምን አይናገሩም ትለኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። ልጄን በአፌ አላስይዝም አሉኝ። ኧረ እማሆይ የነፍስ ነገር ነው ብላቸው፣ የእኔ ነፍስ አርጅታለች፣ የእሱ ግን ገና ጎጆ አልወጣችም አሉ። እንዲህ ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

አሁን ደግሞ ስለ ከድር ልንገርህ። ማርና ሰም የሚገዛውን የቡሬውን ከድርን አትረሳውም። ያን ዕለት ሰፈራችን ውሎ ነበርና ሰው ሁሉ ጣቱን እሱ ላይ ቀሰረ። ቤተ ክርስቲያን የሚያቃጥል ከእስላም ሌላ ማን አለ ተባለ። ሽማግሎቹ ጠርተው ጠየቁት። በቁርኣኑ ማለላቸው፤ መሐላህ እኛን አያስረንም ብለው መለሱት። ከዚያ ወዲያ ማር የሚሸጥለት ጠፋ፤ በመንገድ ሲያልፍ ሰላም የሚለው እንኳ ጠፋ። አባታችን በሞቱ ጊዜ ሦስት ቀን ከሐዘንተኛው ጋር የተቀመጠ ሰው ነው። እኔ እያየሁ ዝም አልሁ። እሑድ እሑድ ወንጌል ሲነበብ እቆማለሁ፤ ጾሙን አልፈታም፤ ሰኞ ከድር ሲያልፍ ግን ውኃ እንደምቀዳ ሆኜ አጎነብሳለሁ። ክርስትናዬ ይህን ያህል ሆኖ ተገኘ።

ሐምሌ ላይ እማሆይ እግራቸው አበጠ፤ ትንፋሻቸውም አጠረ። ባለቤቴ ተስፋው የሚጭናቸው አጋሰስ ፈልጎ አገሩን ዞረ። ክረምት ነው፣ ሁሉም እርሻ ላይ ነው። ማን እንደ ነገረው አላውቅም፣ ከድር በቅሎውን ስቦ ከደጃችን ቆመ። ያን ሁሉ ጭቃ ራሱ እየመራ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት አደረሳቸው። ሐኪሙ ድካሙ የልብ ነው፣ ከኅዳር የሚያልፉ አይመስለኝም ብሎ ለብቻዬ ነገረኝ። ስንመለስ እማሆይ በቅሎው ላይ ሆነው ያለቅሱ ነበር። ከድር አመማቸው ብሎ ሦስት ጊዜ ቆመ። ያለቀሱት ከሕመም እንዳልነበር ባውቅም ምን ብዬ ልንገረው?

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። እየዋልሁ እያደርሁ አንድ ነገር አሰብሁ፤ ብልህ የሆንሁም መሰለኝ። አዲስ ዓመት ብቶ በመስከረም ሚካኤል ዕለት ቄስ አድማሴ ዘንድ ሄጄ፣ ቤተ ልሔሙን ያቃጠልሁ እኔ ነኝ አልኋቸው። ፍም ልጭር ሄጄ አመለጠኝ፣ ፈርቼ ዝም አልሁ አልሁ። ቄሱ የአባታችን ደቀ መዝሙር ነበሩ፤ ብዙ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝና፣ እንግዲያው በሕዝቡ ፊት ተናገሪ አሉኝ። ተናገርሁ። ንስሐ ሰጡኝ፤ ግዝቱንም በመስቀላቸው ፈቱ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ኑሮዬን ልዘርዝርልህ አልፈልግም። ማኅበርተኞቼ ጽዋው ከእኔ ዘንድ ሲደርስ አሳልፈው ለቀጣይዋ ይሰጣሉ። ተስፋው የሚበላው ከእኔ ዞር ብሎ ነው፤ ዐሥር ወር ሙሉ እንዴት ከባልሽ ትደብቂያለሽ አለኝ፤ እውነት አለው፣ ደብቄያለሁ፣ የደበቅሁት ግን እሱ የሚያስበውን አይደለም። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። እማሆይ ይቆርባሉ፣ ከድርም ነጻ ይወጣል፣ እኔ ብቀር ልቅር ብዬ ነበር።

ከድር በሦስተኛው ቀን መጣ። ያመሰግነኛል ብዬ ሳፍር፣ አንቺ አይደለሽም አለኝ። ያን ማር በማግሥቱ ማለዳ ቡሬ መግቢያ ላይ ከወንድምሽ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር፣ ጣቱም አብጦ ነበር አለ። ታዲያ ያን ሁሉ ሲያደርጉህ ለምን ዝም አልህ አልሁት። ባለቤቴ ዙለይካ ምጥ ጸንቶባት ሰው ሁሉ በሸሸ ጊዜ እናትሽ ሁለት ቀን ከራሷ ሥር አልተነሡም፣ እኔ የእሳቸውን ልጅ አልሰጥም አለኝና ሄደ። የእኛ ግዝት እሱን አያስረውም፤ በዐሥር ወር ውስጥ በማንኛውም ቀን ተናግሮ መገላገል ይችል ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስጸልይ ቃሉ ከአፌ አልወጣ ይለኛል።

መስከረም ሃያ አንድ ቀን፣ ለማርያም ክብረ በዓል፣ እማሆይን በቃሬዛ ተሸክመን ቤተ ክርስቲያን ወሰድናቸው። ውሰዱኝ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ እኔም ሊቆርቡ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ያደረግሁትን ማንም እንዳይነግራቸው ለምኜ ነበር። ለካ አንዲት መነኩሲት ልትጠይቃቸው መጥታ ልጅዎ ስለ ተናገረች ግዝቱ ተፈታ ብላቸዋለች። ቄስ አድማሴ ሥጋውን ይዘው ሲቀርቡ እማሆይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቄሱ እማሆይ ይቀበሉ አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ሁሉ እያየ ነው። ሁለተኛ ይቀበሉ አሉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቄሱ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፣ የዋሸሁትም ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል። ቃሬዛውን አንሥተን ወጣን።

ቤት ስንገባ ጠሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ እጄን ያዙኝ። አንድ ኃጢአት ነበረን፣ አንቺ ሁለት አደረግሽው፤ በውሸት በተፈታ ግዝት እንዴት ልቆርብ አሉኝ። እኔም እንግዲህ እውነቱን ልናገር፣ ይፍቀዱልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እሞትብሻለሁ አሉ። እንግዲህ ወዴት ልሂድ? ብናገር እናቴን በቁማቸው ገደልሁ፤ ዝም ብል ነፍሳቸውን ገደልሁ። የዋሸሁትም ውሸት ስሜን ወሰደ እንጂ እማሆይን አላዳነም። እምነት የሚባለውን ነገር እስከ ዛሬ ስሙን አውቀው ኖሯል እንጂ እሱን ራሱን አላወቅሁትም። ከእማሆይ፣ ከከድርና ከእኔ ማን እንዳመነ፣ ማን እንደ ካደ ለይቼ ልነግርህ አልችልም። እማሆይ ለአንተ ብለው መንግሥተ ሰማያትን ትተዋል፤ ይህ ጽድቅ ይሁን ኃጢአት የሚነግረኝ ሰው ቢኖር እግሩን እስማለሁ።

ስለዚህ ለቄስ አድማሴ በስምህ አንድ ቃል ጻፍላቸው። ራስህ ና አላልሁህም። እኔ ክንዱ ነኝ፣ ሳላስበው አመለጠኝ ብለህ ጻፍ፤ ሌላ አያስፈልግም። አንተ በራስህ ቃል ከተናገርህ እማሆይ አላስያዙህም፤ ያን ጊዜ ይቆርባሉ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ክንፈሚካኤል ነው፤ ማንበብ ስለማይችል ምስጢሩን አያውቅም። እሱ እዚያ እስኪደርስ ጥቅምት ይጋመሳል። ተመልሶ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ታኅሣሥ ነው። ሐኪሙ ኅዳር ብሎኛል። ቆጥሬዋለሁ፤ ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ፤ አይደርስም። ምናልባት ቀድሞ የሚመጣ ሰው ታገኝ እንደሆነ በእሱ ላከው። ፋሲካ ላይ የላክሁልህን ደብዳቤ መልስ ሳትሰጠኝ ለእማሆይ ኩታ ብቻ እንደ ላክህ አስታውሳለሁና በዚህም ተስፋ አላደርግም። ኩታው ከነእጥፋቱ ተቀምጧል። ለመግነዝ ይሁነኝ ብለዋል።

ተስፋው ከእኔ ጋር ባይነጋገርም ለአንተ ሰላም በይልኝ ብሎኛል። ልጄ ዓለምብርሃን አጎቴ የቆላ ሙጫ ያምጣልኝ ትልሃለች። አክስታችን ዓባይነሽ ጉልበቷን ይዛ ተቀምጣለች፤ ስምህን ስትሰማ ታለቅሳለች። ከድርና ዙለይካ እንደምን ነው ብለዋል፤ ከድር ሲጠይቀኝ ዓይኑን አልመለሰም።

እማሆይ አሁን ከጎኔ ጋደም ብለዋል፤ ምን እየጻፍሽ ነው ብለው ጠይቀውኛል። ለክንዱ ሰላምታ ነው አልኋቸው። እንዳያስብብኝ፣ በርትቶ ይሥራ፣ እናትህ ደኅና ናት ብለሽ ጻፊ፣ ሌላ እንዳትጨምሪ አሉኝ። እነሆ ጽፌያለሁ፤ እናትህ ደኅና ናት።

እኅትህ ሀብትነሽ ዘሩ
ቡሬ ወረዳ፣ ሚካኤል አጥቢያ
መስከረም 25 ቀን 1958 ዓ.ም.