ላስቲክ የለበሰው ሶፋ

ነጌሌ ቦረና፣ ኅዳር 11 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ዶሎ ኦዶ ላለችው ልጄ ለትንቢት፤

የቆላው ፀሐይ እንዳልጎዳሽ፣ ሥራውም እንደቀናሽ ተስፋዬ ነው። እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ። ስትደውዪ ያላነሳሁት ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም፤ በአፌ ያቃተኝን በእጄ ልሞክር ብዬ ነው። ፊደሌን ታውቂዋለሽ፣ የጎደለውን አንቺ ሙይበት።

የኢዩኤል ሽማግሌዎች አንቺን ሊጠይቁ እሁድ መጥተው ነበር። ቀን ሳልሰጣቸው ሄዱ። ቀን ያልተሰጠው ሽማግሌ ደግሞ እንደተከለከለ ነው የሚቆጥረው። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።

እናትሽ ካረፈች በኋላ ሶፋዋን ስሸጥ ተቆጥተሽኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳሎኑ ባዶ ነበር፤ እኔና በርጩማዬ ብቻ። ሽማግሌ ሊላክ ነው ብለሽ አዲስ ሶፋ ልግዛ ስትዪኝ፣ በልጄ ደመወዝ ላይ እንግዳ አላስቀምጥም አልኩ። "አባባ፣ አንቱ እኮ ግትር ነዎት" አልሽኝ። ነኝ።

እናም ያገለገለ ዕቃ ስለቅም ከረምኩ። ቡፌውን ወደ ሞያሌ ከተዛወረ መምህር ገዛሁ፤ አንዱ መስታወት ስለሌለው የእናትሽን ፎቶ አቆምኩበት። ምንጣፉ ከፊልቱ የመጣ ነው፤ የተቃጠለው ቦታ ላይ ጠረጴዛ አስቀመጥኩ። መጋረጃውን ጎረቤታችን ሀፍሳ ከሱቋ በተረፈ ጨርቅ ሰፋችልኝ፤ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ከበር ሲታይ ግን ይመሳሰላል። ሶፋውን ደላላው ክብሮም ከክብረ መንግሥት በአይሱዙ ጭኖ አመጣልኝ። ከማን ቤት እንደወጣ አልጠየቅኩም።

ሳሎኑ አማረ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ሰው አዲስ ሶፋ ሲገዛ ላስቲኩን ሳይገፍፍ ዓመት እንደሚያቆየው ታውቂያለሽ። እኔም አዲስ ላስቲክ ገዝቼ አሮጌውን ሶፋ አለበስኩት፣ ከሥሩ በሚስማር መታሁት። ሀፍሳ አይታ፣ "አባባ ወልደጻድቅ፣ በዚህ ሙቀት እንግዶችዎን ሊቀቅሏቸው ነው?" አለችኝ። አርፈሽ መጋረጃሽን ስፊ አልኳት።

እሁድ የልጁ አጎት አቶ ሸዋንግዛው ሽማግሌዎቹን መርተው ገቡ። እንደ ወጉ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ፣ እኔም ተቀመጡ አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ሶፋው ከአዲስ አበባ መጥቶ ገና ላስቲኩ እንኳ እንዳልተገፈፈ ነገርኳቸው። አንዱ ሽማግሌ ወደ ግራው ጫፍ ሲያመሩ አቶ ሸዋንግዛው ክንዳቸውን ያዝ አደረጉና፣ "ወዲህ ይሁኑ፣ ያ ጎን ይሰምጣል" አሏቸው።

ገና ማንም አልተቀመጠበትም ነበር።

እንዴት አወቁ ብዬ ጠየቅኩ። መጠየቅ አልነበረብኝም። የሶፋውን መደገፊያ በላስቲኩ ላይ ዳሰስ አደረጉት። "ወንድሜ ታሞ አምና ክረምቱን ሙሉ የተኛበት ነው" አሉ። "ሲሞት የኢዩኤል እናት አየለች ማየት አቅቷት ሸጠችው።"

አንዳቸውም አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን የእኔ ቤት ዕቃ አይሰምጥም ብዬ ሄጄ እዚያው ጎን ላይ ተቀመጥኩበት። ጉልበቴ ደረቴ ጋ ደረሰ። መነሳት አቅቶኝ ጎትተው ያነሱኝ አቶ ሸዋንግዛው ናቸው። ከዘመድ ተማክሬ በዚህ ቀን ተመለሱ ማለት ሲገባኝ፣ ልጄ ሥራ ላይ ናት፣ አሁን አትደርስም አልኳቸው። ከተቀመጡበት ሲነሱ ላስቲኩ ተንሿሿ። አቶ ሸዋንግዛው በሩ ላይ ቆመው፣ "ቀን ይስጡን እንጂ፣ አባቴ" አሉኝ።

እነሱ ሲሄዱ ላስቲኩን ገፍፌ ጣልኩት። አናጺው አምሀ የሰመጠውን ላድሰው ሲለኝ እንዳትነካው አልኩት። የሰው ቦታ ነው።

ነገ ጭኜው ክብረ መንግሥት እሄዳለሁ። የሴት ልጅ አባት በእግሩ ወደ ወንዱ ቤት አይሄድም ይላሉ፤ ይበሉ። ወይዘሮ አየለችን ትወስደው እንደሆነ እጠይቃታለሁ። ዛሬም ማየቱ ከከበዳት መልሼ አመጣዋለሁ፤ ግን መጀመሪያ ትጠየቅ። የዋሸሁትንም በአፌ እነግራቸዋለሁ፣ ቀኑንም እዚያው ለአቶ ሸዋንግዛው እሰጣለሁ፤ ሠርጉ ለጥር እንዲደርስ።

የእናትሽም ሶፋ ይሰምጥ ነበር፣ በመስኮቱ በኩል። አንቺን ሳልጠይቅ ሸጥኩት።

ኢዩኤልን በእኔ ነገር እንዳትቀየሚው፤ እሱ ምንም አላጠፋም። የምትገቢበት ቤት ይስፋሽ፣ የምትቀመጪበት ይድላሽ። የእናትሽ ምርቃት ከፊትሽ ይቅደም።

ግትሩ አባትሽ
ወልደጻድቅ

ወይዘሮ አየለች ሶፋውን ከወሰደችው፣ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ መቀመጫው በርጩማዬ ብቻ ነው። ያን ልግዛ ያልሽውን ሶፋ ነገር፣ እንዲያው ምናልባት ብዬ በሩን በገመድ ለክቼዋለሁ። ይገባል።