ነፋስ ሲለኩ የኖሩት ካፒቴን ዴቭማን ቱላቻን

ካፒቴን ዴቭማን ቱላቻን ከአባታቸው ከአቶ ካርናማን ቱላቻንና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፑትሊ ጋውቻን በተራራማው የሙስታንግ አውራጃ፣ ማርፋ መንደር፣ ማርች 4 ቀን 1951 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። አባታቸው በበቅሎ ጨውና እህል የሚያመላልሱ ነጋዴ፣ እናታቸው የመንገደኛ ማደሪያ ባለቤት ነበሩ። ከአምስት ልጆች አራተኛው የሆኑት ዴቭማን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ቁጭ ማለት አይሆንላቸውም ነበር። ወ/ሮ ፑትሊ «ይህን ልጅ ያጎረስኩት እየተከተልኩ ነው» ይሉ እንደነበር እኛ ታናናሽ ዘመዶቻቸው እየሰማን አድገናል።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላቸው በጆምሶም አዲስ በተደለደለው ሜዳ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን አረፈች። ዴቭማን ያን ቀን ስድስት በቅሎዎች እንዲጠብቁ ታዝዘው ነበር። የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ በቅሎዎቹን በትነው እስከ ሜዳው በሩጫ ሄዱ፤ በቅሎዎቹም የጎረቤት ገብስ ውስጥ ገብተው ዋሉ። አባታቸው ማታ «በቅሎዎቹን ለማን አደራ ብለህ ሄድክ?» ብለው ሲቆጧቸው «ሰው ከሰማይ ሲወርድ በቅሎ ይጠበቃል እንዴ?» ብለው መለሱ። አቶ ካርናማን ሳቃቸው አምልጧቸው «በሉ ይህ ልጅ ለንግድ አይሆንም፤ ትምህርት ቤት አስገቡልኝ» እንዳሉ ይነገራል።

ካፒቴን ዴቭማን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በፖካራ ከተማ በ1969 ካጠናቀቁ በኋላ ወደ ሕንድ ተሻግረው የበረራ ትምህርት ተከታተሉ፤ በ1974 ረዳት አብራሪ፣ በ1979 ካፒቴን ሆኑ። በ1980 ከመምህርት ሩክሚኒ ሼርቻን ጋር በባህላቸው ሥርዓት ጋብቻ ፈጸሙ። በሠርጋቸው ቀን ሽማግሌዎቹ ምርቃት ሲያረዝሙባቸው ሙሽራው ሦስት ጊዜ ተነሥተው ሰማዩን አይተው ተመልሰዋል። ወ/ሮ ሩክሚኒ ለእህቶቻቸው «እኔ ያገባሁት ሰው ሳይሆን የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ ነው» ብለዋል። ከጋብቻቸውም በ1983 ፕራቢናን፣ በ1986 ሱባሽን ወለዱ።

የካፒቴን ዴቭማን ዕድሜ ያለቀው በሉክላ፣ በጆምሶምና ስማቸው በካርታ ላይ እንኳ በማይገኝ ትንንሽ የተራራ ሜዳዎች ላይ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ማኮብኮቢያው አጭር፣ ከፊቱ ገደል፣ ከኋላው የተራራ ግድግዳ ነው፤ የመጨረሻው መታጠፊያ ካለፈ በኋላ ልመለስ ማለት የለም። ስለዚህ የአብራሪው ሥራ ከመታጠፊያው በፊት መወሰን ነው። ካፒቴን ዴቭማንም ከማንም ቀድመው ይወስኑ ነበር። በዚህ የተነሣ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ተመላሹ» የሚል ስም አወጡላቸው። በ1991 አንድ ትልቅ ባለሥልጣን አሳፍረው ጆምሶም አፍንጫ ስር ሲደርሱ ድንገት ዞሩ። ባለሥልጣኑ ከኋላ ብድግ ብለው «ካፒቴን፣ ሜዳው እኮ ይታየኛል» አሉ። «ለእኔም ይታየኛል ጌታዬ፤ የማይታየው ነፋሱ ነው» ብለው መለሱላቸው። ሰውየው ክስ አቀረቡ፤ ካፒቴን ዴቭማንም ለሁለት ወር ከበረራ ታግደው ቤት ዋሉ። ወ/ሮ ሩክሚኒ ያን ሁለት ወር ከሁሉ የከፋ ዘመን አድርገው ያስታውሱታል። ካፒቴን ዴቭማን ግቢው ውስጥ ሲመላለሱ የሣሩ ሥር ተነቅሎ መንገድ ወጣበት።

በኦክቶበር 1996 ግን ሕይወታቸውን ለሁለት የከፈለ ነገር ደረሰባቸው። ከበረራ ትምህርት ቤት ጀምሮ የማይለዩአቸው ጓደኛቸው ካፒቴን ሐርካጂት ራይ ሩዝና ላምባ ጭነው፣ እሳቸውም ሌላ ጭነት ይዘው፣ በምሥራቅ ተራሮች ወዳለች አንዲት ጠባብ ሸለቆ አብረው ተነሡ። ካፒቴን ዴቭማን ከፊት ነበሩ። የሸለቆው አፍ ላይ አውሮፕላኗን አንዳች ነገር ወደ ታች ሲጫናት ተሰማቸውና ዞሩ። በሬዲዮ «እኔ ተመልሻለሁ» አሉ። ካፒቴን ሐርካጂት እንደ ልማዳቸው እየቀለዱ «አንተማ ምን ሥራ አለህ! ሻይ አስፈላልኝ፤ አራግፌ እመጣለሁ» አሏቸው። አልመጡም። አውሮፕላኗ ከሜዳው በታች ካለው ጫካ ውስጥ ተገኘች፤ ካፒቴን ሐርካጂትም ረዳታቸውም በሕይወት አልተገኙም።

ካፒቴን ዴቭማንን ከዚያ በኋላ የማይተዋቸው አንድ ጸጸት ነበር። «ተመልሻለሁ አልኩት እንጂ ተመለስ አላልኩትም» ይሉ ነበር። ወ/ሮ ሩክሚኒ «ብትለውስ ይሰማህ ነበር?» ቢሏቸው «አይሰማኝም ነበር። ግን ማለት ነበረብኝ» ብለው ተነሥተው ይሄዱ ነበር። ሥራቸውን ሳያቋርጡ ለአምስት ዓመት በረሩ፤ ነገር ግን ከበረራ የተረፈውን ጊዜ በአንድ ቤት ውስጥ አላሳለፉትም። ዛሬ ፖካራ፣ ነገ ማርፋ፣ ከነገ ወዲያ የሐርካጂት ቤተሰብ ዘንድ ነበሩ።

በ2001 ሐኪሞች የልብ ሕመም እንዳለባቸው ሲነግሯቸው ከአሥራ አራት ሺህ ሰዓት በረራ በኋላ የአብራሪነት ፈቃዳቸውን መለሱ። የሃምሳ ዓመት ሰው ነበሩ። የአፕል እርሻ ጀመሩ፤ ዛፎቹ ለማፍራት ስድስት ዓመት እንደሚፈጁ ሲሰሙ ለታናሽ ወንድማቸው ትተውለት ሄዱ። ልጃቸው ፕራቢና አብራሪ መሆን እንደምትፈልግ በ2003 ስትነግራቸው ደግሞ ለአንድ ዓመት ያህል በዚህ ጉዳይ አላናገሯትም። በመጨረሻ ወ/ሮ ሩክሚኒ ምሳ ላይ «አንተን ማን ከለከለህ?» አሏቸው። «እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ከለከልኩህ? ታዲያ አንተ እሷን የምትከለክል ማን ነህ?» ካፒቴን ዴቭማን ቆመው ይበሉት የነበረውን ሩዝና ምስር አስቀምጠው የበረራ ትምህርት ቤቱን የፈቃድ ወረቀት ፈረሙላት።

በ2006 በካትማንዱ የሚገኝ አንድ የበረራ ማሠልጠኛ አዲስ ሲሙሌተር አስመጣና፣ የተራራ ሜዳዎቹ በትክክል መሣላቸውን እንዲያዩለት ካፒቴን ዴቭማንን ጋበዘ። ሲሙሌተር አብራሪ መሬት ላይ ሆኖ እንደሚበር የሚለማመድበት ክፍል ነው። ካፒቴን ዴቭማን ከአምስት ዓመት በኋላ መሪ ጨበጡ፤ ሉክላ ላይም በመጀመሪያው ሙከራ እንደ ላባ አሳረፏት። በክፍሉ ያሉት ሁሉ አጨበጨቡ። እሳቸው ግን ፊታቸው ጠቁሮ ተነሡ። መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ወጣት ቢካልፓ «ካፒቴን፣ ምን አጠፋን?» ሲላቸው «ነፋሱ የት አለ?» አሉት።

«ነፋስማ አለው፤ በቁጥር ይገባል።»

«ይህ የከተማ ነፋስ ነው ልጄ። የእኛ ነፋስ እኮ ይዋሻል። ከፊትህ እየነፈሰ ሳለ ገደሉ ጫፍ ላይ ትቶህ ይሄዳል። እዚህ የሠለጠነ ልጅ እችላለሁ ብሎ ይሄድና ይሞታል።»

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ያልሰማ የሙያ ባልደረባ የለም። በእጅ የሚያዝ የነፋስ መለኪያ፣ ረጅም የጨርቅ ቁራጮችና ደብተር ይዘው ለሦስት ዓመት ያህል ሲበሩባቸው የኖሩትን ሸለቆዎች በእግራቸው ዞሩ። በየገደሉ ጫፍ ጨርቅ እያሰሩ፣ በየሰዓቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ጻፉ። ልባቸው ደካማ መሆኑን የሚያውቁ ዘመዶች ለመኗቸው፤ አልሰሙም። አንዲት የማደሪያ ቤት ባለቤት ሲንከራተቱ አይታ «አባባ፣ ምን ጠፋብዎት? ያክ በሬ ነው?» ስትላቸው «ነፋስ ነው የምፈልገው» አሏት። «እሱማ ሞልቷል፤ ይውሰዱልን» አለቻቸው። ካፒቴን ሐርካጂት በቀሩባት ሸለቆ ብቻ አርባ ሁለት ቀን ቆይተዋል።

ቢካልፓ ደብተሮቹን ተቀብሎ ነፋሱን ወደ ሲሙሌተሩ አስገባ። ያን ጊዜ ነገሩ ተለወጠ፤ ስመ ጥር አብራሪዎች ሳይቀሩ በሲሙሌተሩ ገደል ገቡ። ካፒቴን ዴቭማን አሠልጣኝ ሆነው ተቀጠሩ። ሠልጣኙ ወደ ሜዳው ሲቃረብ ከኋላው ቆመው እንደ ባለሥልጣን ድምፃቸውን ያወፍሩና «እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ? ስብሰባ አለብኝ፤ ሜዳው እኮ ይኸው» ይሉት ነበር። ያፈረና የገባ ሠልጣኝ ገደል ይገባል። የዞረውን ግን ትከሻውን መትተው «ጎበዝ ፈሪ ነህ» ይሉታል። ከሳቸው የሰማነው ትልቁ ሙገሳ ይህ ነው።

ፕራቢና በ2014 ካፒቴን ለመሆን ስትፈተን አባቷ የኦክቶበር 1996ቱን ጠዋት፣ ያን ሸለቆና ያን ነፋስ በሲሙሌተሩ አስገቡላት። ምን እንደሆነ አልነገሯትም። ገባችና ከሜዳው በታች ወደቀች። ካፒቴን ዴቭማን ክፍሉን ለቀው ወጡ፤ ሱባሽ ሲፈልጋቸው ከከተማው ዳርቻ መንገድ ላይ ብቻቸውን ሲራመዱ አገኛቸው። በሳምንቱ ተመልሰው ያንኑ ጠዋት ደገሙላት። ሸለቆው አፍ ላይ ዞረች፤ በሬዲዮም ከኋላ ላለው «እኔ ተመልሻለሁ፤ አንተም ተመለስ» አለች። እንዲህ በይ ብሎ የነገራት አልነበረም። ካፒቴን ዴቭማንም የፈተናውን ወረቀት ፈረሙላት።

በ2019 ሥራ አቁመው ከባለቤታቸው ጋር ወደ ማርፋ ተመለሱ። ማርች 16 ቀን 2023 ጠዋት የደረት ሕመም ጠናባቸው። በጆምሶም ጤና ጣቢያ ያሉት ባለሙያዎች በፍጥነት ፖካራ መድረስ እንዳለባቸው ተናግረው በቃሬዛ ወደ ማረፊያው ወሰዷቸው። የዕለቱ በረራ የልጃቸው ነበር፤ ነገር ግን ፖካራ በጭጋግ ተዘግቶ ስለቆየ እሷ ስትነሣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አልፎ ነበር። የጆምሶም ነፋስ ደግሞ ከረፋዱ ጀምሮ ይበረታል፤ ማንንም አይጠብቅም። ሱባሽ ለእህቱ አስቀድሞ ደውሎ ስለነበር አባቷ ሜዳው ላይ እንደተኙ እያወቀች ነው የመጣችው።

ሞተሩ ከሸለቆው ሲሰማ ካፒቴን ዴቭማን ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ድምፁ ቀረበ፤ ቀጥሎም ዞረ፤ ራቀ። ወ/ሮ ሩክሚኒ እጃቸውን ይዘው «ተመለሰች» አሏቸው። «ሰምቻለሁ» አሉ። ከዚያ በጂፕ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተጉዘው ፖካራ ሆስፒታል ገቡ።

ፕራቢና የደንብ ልብሷን ሳትቀይር አልጋው አጠገብ ቆማ ታለቅስ ነበር።

«የነፋሱ ፍጥነት ስንት ነበር?» አሏት።

«ሠላሳ አራት ኖት። አባዬ፣ ምናልባት እኮ ይሆንልኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ብሞክር…»

«ስንት ሰው ይዘሻል?»

«አሥራ አምስት።»

«አሥራ አምስት» ብለው ደገሙት። «ያስተማርኩሽን ሠርተሽ ይቅርታ የምትጠይቂኝ ምን አድርጌሽ ነው?»

ፕራቢና ሐኪሙን ለብቻው አግኝታ ያ ዘጠኝ ሰዓት ለውጥ ያመጣ እንደነበር ጠይቃዋለች። ሐኪሙ ይህን ማንም ሊያውቅ እንደማይችል ነገራት። እኛም አናውቅም። የምናውቀው አሥራ አምስቱ ሰዎች ያን ቀን ምሳቸውን በቤታቸው መብላታቸውን ነው።

ካፒቴን ዴቭማን ለሦስት ቀን በሕክምና ሲረዱ ነርሶቹን ከአልጋ እየወረዱ አስቸገሯቸው። ማርች 19 ቀን 2023 ጠዋት ወንበር ላይ እንዲያስቀምጧቸውና ጫማቸውን እንዲያቀብሏቸው ጠየቁ። አንዱን አጥልቀው ሁለተኛውን ሊያጠልቁ እንዳጎነበሱ፣ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ካፒቴን ዴቭማን የአንዲት ሚስት ባል፣ የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት፣ የአንድ የልጅ ልጅ አያት፣ ከሁለት መቶ በላይ አብራሪዎችም አሠልጣኝ ነበሩ። ልጃቸው ካፒቴን ፕራቢና በባህላችን የሚደረገው የአሥራ ሦስቱ ቀን ሐዘን ሲያበቃ ወደ ጆምሶም መስመር ትመለሳለች።

ሰው ሲያሳርፉ ኖረው ለራሳቸው ማረፍ ያልሆነላቸውን ወንድማችንን አምላክ በቃህ ብሎ ያሳርፍልን። ለወ/ሮ ሩክሚኒ ብርታቱን፣ ለፕራቢና የልብ ሰላሙን ይስጥልን።